ለፍጥነት ሲባል የተዘለለ ፍተሻ፦ ከደብረ ብርሃን የአንድ ኤፍፒጂኤ ሥራ የጉዳይ ጥናት

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቤተ ሙከራ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ኤፍፒጂኤ የተባለ መሐንዲስ ሰርኪዩቱን የሚቀርጽበት ቺፕ ያለበት መዳፍ የሚያህል ቦርድ ዋጋው 25 ዶላር የሆነን አክሲዮን 11.8928 ዶላር ብሎ አነበበ። በዚያ ሌሊት ስሕተቱ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የመጡት እጅግ ብዙ መልእክቶች በትክክል ተነብበዋል። ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ለምን ቀደም ብሎ እንዳልተያዘና እንዴት እንደታረመ የሚያስረዳ ነው። ሥራው የሁለት የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች፣ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ፣ የመመረቂያ ሥራ ሲሆን እኔ አማካሪያቸው ነበርኩ። ስሕተቱ ተደብቆ እንዲቆይ ካደረጉት ውሳኔዎች አንዱን የፈቀድኩት እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩን እንደ ሩቅ ተመልካች አልጽፈውም።

ሥራው

በዓለም ትልልቅ የአክሲዮን ገበያዎች ግዥና ሽያጭ የሚፈጸመው በኮምፒውተር ነው። ዋጋ በተለወጠ ቅጽበት ትእዛዙን ቀድሞ ያደረሰ በጥሩው ዋጋ ይገዛል፤ የዘገየው የቀረውን ይወስዳል። ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ የገብስ ዋጋ መውጣቱን በስልክ ቀድሞ የሰማ የደብረ ብርሃን ነጋዴ፣ ወሬው ገበያው ውስጥ ሳይዳረስ ገዝቶ መጋዘኑን ይሞላል። ልዩነቱ የጊዜው መጠን ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን በመስታወት ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ይህን መንገድ በ650 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይጨርሰዋል። በከፍተኛ ፍጥነት የሚነግዱት ድርጅቶች ግን የሚሻሙት በናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ነው፤ 100 ናኖ ሰከንድ ደግሞ ይኸው ብርሃን 20 ሜትር ብቻ የሚሄድበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ስፕሬድ ኔትወርክስ የተባለው ኩባንያ በቺካጎና በኒው ጀርሲ መካከል አዲስ የመስታወት ኬብል የዘረጋው የደርሶ መልሱን ጊዜ ወደ 13 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ለማውረድ ነበር። መንገዱ እንዲህ ካጠረ በኋላ የሚቀረው በማሽኑ ውስጥ የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ኤፍፒጂኤ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ተራ ኮምፒውተር ከኔትወርክ የመጣን መልእክት ወዲያው አያነበውም። መልእክቱ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይገባል፣ በማስታወሻ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ከዚያም ፕሮሰሰሩ መመሪያ በመመሪያ እየተከተለ ያነበዋል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ በሲ ቋንቋ ጽፈው የሞከሩት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ማይክሮ ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ በያዘበት ሰዓት ግን ያው ፕሮግራም ያንኑ መልእክት ለማንበብ ብዙ እጥፍ ይቆይ ነበር። በእኔ ግምት ከመዘግየቱ ይልቅ የሚጎዳው ይህ መዋዠቅ ነው፤ ምክንያቱም ገበያው በሚጋልበት፣ መልእክቱ በሚበዛበትና ፍጥነቱ በሚፈለግበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ይበልጥ ይዘገያል። ኤፍፒጂኤ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ሥራ የለውም፤ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን የሎጂክ ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው መሐንዲሱ ነው። ስለዚህ መልእክት አንባቢው በቺፑ ላይ እንደሚሄድ ፕሮግራም ሳይሆን ራሱ ሰርኪዩት ሆኖ ይሠራል፤ ወረፋም ተራም የለበትም፤ ለአንድ ዓይነት መልእክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የክሎክ ምት ብዛት ይፈጅበታል (ክሎክ ሰርኪዩቱ እርምጃውን የሚጠብቅበት ቋሚ ምት ነው)። ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያውን ኤፍፒጂኤ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ቺፑ 64 የሎጂክ ብሎኮች ብቻ ነበሩት። የእኛ ቦርድ፣ አርቲ ኤ7 የሚባለው፣ ለትምህርት ተብሎ የተሠራ አነስተኛ ቦርድ ቢሆንም በላዩ ያለው የአርቲክስ ቺፕ 20,800 የሎጂክ ሠንጠረዦች አሉት።

የገበያውን መረጃ ያገኘነው የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ናስዳክ ለሁሉም ክፍት ካደረጋቸው የናሙና ፋይሎች ነው። ናስዳክ የዕለቱን ትእዛዞች ኢች 5.0 በተባለ የመልእክት አጻጻፍ ይልካል፤ መግለጫውም ለማንም ይገኛል። አዲስ ትእዛዝ የሚያሳውቀው መልእክት 36 ባይት ነው (አንድ ባይት ስምንት ቢት፣ ማለትም ስምንት የዜሮ ወይም የአንድ አኃዞች ነው)፤ ዋና ዋና ክፍሎቹም፦ የመልእክቱ ዓይነት፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በናኖ ሰከንድ የተቆጠረ ሰዓት፣ የትእዛዙ መለያ ቁጥር፣ ግዥ ወይም ሽያጭ መሆኑ፣ የአክሲዮኑ ብዛት፣ የአክሲዮኑ ስም፣ በመጨረሻም በአራት ባይት የተጻፈ ዋጋ። ዋጋው ነጥብ የለውም፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ከነጥብ በኋላ እንዳሉ ይቆጠራሉ፤ 25 ዶላር ማለት 250000 ነው። ይህ መልእክት በኬብል ላይ ሲጓዝ በላዩ ላይ የኔትወርክ መላኪያ ደንቦቹ መግለጫዎች፣ የኢተርኔት 14፣ የአይፒ 20፣ የዩዲፒ 8፣ ሞልድ ዩዲፒ 64 የተባለው የናስዳክ ማሸጊያ 20 እና የርዝመት መግለጫው 2 ባይት ይጨመሩበታልና በድምሩ ልክ 100 ባይት ይሆናል። ከሁሉም በኋላ ባለ አራት ባይት የኢተርኔት ማረጋገጫ ቁጥር ይከተላል። ላኪው ከመልእክቱ አስልቶ የጻፈው ስለሆነ፣ ተቀባዩ ራሱ አስልቶ ካላገኘው መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደተበላሸ ያውቃል።

የቦርዱ የኢተርኔት በር በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ስለሚቀበል አንድ ባይት 80 ናኖ ሰከንድ ይወስዳል፤ 100 ባይቱ ደግሞ 8 ማይክሮ ሰከንድ። ይህን ማሳጠር በእጃችን አልነበረም። ተማሪዎቹ ያደረጉት መልእክቱ ሙሉ በሙሉ እስኪደርስ ሳይጠብቁ እየገባ እያለ ማንበብ ነው፤ የአክሲዮኑ ስም ሲገባ ይወዳደራል፣ የዋጋው የመጨረሻ ባይት በገባ በ6 የክሎክ ምት፣ ማለትም በ60 ናኖ ሰከንድ ውስጥ፣ ቦርዱ «ግዛ» ወይም «ተው» የሚል ምልክት በአንድ ሽቦ ላይ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ምልክትን በመስመር በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ሁለቱ መስመሮች፣ የመልእክቱ መግቢያና የውሳኔው መውጫ፣ ከመልእክት መልእክት ከአንድ ምት በላይ ሳይነቃነቁ ቆመው ሲታዩ የተማሪዎቹን ፊት ማየት በአስተማሪነት ዘመኔ ከማልረሳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በዚህ መካከል ሌላ ችግር ነበር፤ ባጭሩ ልለፈው። ትእዛዝ መሰረዙን የሚያሳውቀው ባለ 19 ባይት መልእክት የትእዛዙን መለያ ቁጥር ብቻ እንጂ ዋጋውንም የአክሲዮኑንም ስም አይናገርም፤ ስለዚህ ቦርዱ የገቡትን ትእዛዞች ሁሉ ማስታወስ አለበት። የቺፑ ውስጣዊ ማስታወሻ 1,800 ኪሎ ቢት ብቻ በመሆኑ የአንድ አክሲዮንን ትእዛዞች ብቻ እንዲይዝ ወሰንን።

ስሕተቱና ፍለጋው

ሙከራው የሚካሄደው ላፕቶፑ የናሙናውን ፋይል በኬብል ወደ ቦርዱ እየላከ፣ ቦርዱ ያነበበውን ዋጋ በዩኤስቢ እየመለሰ፣ ላፕቶፑም ከራሱ ንባብ ጋር እያስተያየ ነበር። ቀን ቀን መብራት ስለሚቆራረጥ ረጅሙን ሙከራ ሌሊት ማድረግ ለመድን። ያች 11.8928 በጠዋት የተገኘችው ከሌሊቱ መዝገብ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሌሊት ሌላ የተሳሳተ ዋጋ ተገኘ፤ በሦስተኛው ሌሊት ምንም አልተገኘም።

ወንዱ ተማሪ መብራቱን ጠረጠረ። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ዝቅ ማለት በከተማችን የታወቀ ስለሆነ ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቦርዱን ከግድግዳ ነቅለን በላፕቶፕ ባትሪ ብቻ አሠራነው፤ ስሕተቱ ግን ተመለሰ። ቀጥለን የሌሊቱን ቁር ጠረጠርን፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ሌሊቷ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ክፍሉን አሙቀን ብንሞክርም ለውጥ አልመጣም። ኬብሉንም ቀየርነው። በእነዚህ ሦስት ግምቶች ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስቱም ጥፋቱን ከእኛ ሥራ ውጭ የሚፈልጉ ግምቶች እንደነበሩ ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

መልሱን ያገኘችው ሴቷ ተማሪ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 250000 ጻፈች፤ ከሥሩ 118928 ጻፈችና ቀነሰች፤ 131072 መጣ። ለአፍታ ዝም ብላ አየችውና «መምህር፣ ይመልከቱት እስቲ፤ ይሄ እኮ ሁለትን አሥራ ሰባት ጊዜ በራሱ ያባዛነው ነው። የጠፋው አንድ ቢት ብቻ ነው» አለችኝ። ሁለተኛውም የተሳሳተ ዋጋ ሲቀነስ ልዩነቱ እንዲሁ የሁለት ርቢ ሆኖ ተገኘ። መብራት ቢሆን ኖሮ የሚያበላሸው እንዲህ ተመርጦ አንዲት ቢት ብቻ ባልሆነ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። የቦርዱ የኢተርኔት ቺፕ መረጃውን ለኤፍፒጂኤው የሚሰጠው ግማሽ ባይት በግማሽ ባይት፣ በአራት ሽቦዎች ነው። የ250000ን አራት ባይቶች በሁለትዮሽ ስንዘረዝር ጥፋቱ የደረሰበት ግማሽ ባይት 0011 መሆን ሲገባው 0001 ሆኖ ተነብቧል፤ ከእርሱ በፊት የገባውም ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚገባው ግማሽ ባይት ደግሞ 0000 ናቸው። ስለዚህ ከአራቱ ሽቦዎች ሦስቱ የዚህን ግማሽ ባይት ቢት ሲሰጡ አንደኛው የጎረቤቱን ግማሽ ባይት ቢት ሰጥቷል ማለት ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ክሎክ መኖሩ ነው። የኢተርኔት ቺፑ መረጃውን የሚሰጠው ከላኪው ምልክት በሚያወጣው በ25 ሜጋ ኸርዝ ምት ነው፤ የተማሪዎቹ ሎጂክ በቦርዱ በ100 ሜጋ ኸርዝ ምት ይሠራል። ሁለቱ ከተለያየ ምንጭ ስለሚመጡ አንዱ ከሌላው አንጻር ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ አንዳንድ ጊዜም የእኛ ምት የሚመታው ሽቦው ላይ ያለው መረጃ በሚለወጥባት ቅጽበት ላይ ይሆናል። ይህ ሚዛኑ ሳይረጋ ክብደቱን እንደማንበብ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ያውቁ ስለነበር በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ሁለት ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ (በክሎኩ ምት አንድ ቢት ይዞ የሚያቆይ ሰርኪዩት) አከታትለው አስገብተዋል፤ መጽሐፍ የሚያስተምረውም ለአንድ ሽቦ ይህን ነው። ለአራት ሽቦ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ይረጋል እንጂ አራቱ በአንድ ምት ለመርጋት ውል የላቸውም።

ለምን ቀደም ብሎ አልተያዘም? ሰርኪዩቱ በኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚሞከርበት በሲሙሌሽን ላይ ሁለቱ ክሎኮች ቁልጭ ያሉ፣ የማይንሸራተቱ ቁጥሮች ስለሆኑ ችግሩ በዚያ አይታይም። የጊዜ ስሌቱን የሚያደርገው ቪቫዶ የተባለው ሶፍትዌር በሁለቱ ክሎኮች መካከል ስላለው መተላለፊያ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሆኖም ተማሪዎቹ «በፍሊፕ ፍሎፕ ተሸፍኗል» ብለው መተላለፊያውን ከስሌት እንዲያወጣው አዝዘውታል፤ ከዚያ ወዲያ ሶፍትዌሩ ዝም አለ። እነዚህ ሁለቱ በማንኛውም ጀማሪ ላይ የሚደርሱ ናቸው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ይከብደኛል።

320 ናኖ ሰከንድ

የኢተርኔቱ ማረጋገጫ ቁጥር ከዋጋው በኋላ ነው የሚመጣው። አራት ባይት በ80 ናኖ ሰከንድ ሲባዛ 320 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። ተማሪዎቹ በኅዳር ወር ወደ እኔ መጥተው ይህን ፍተሻ ቢተዉት ውሳኔው በ60 ናኖ ሰከንድ እንደሚወጣ፣ ቢጠብቁት ግን ከስድስት እጥፍ በላይ እንደሚዘገይ አስረዱኝ። ክርክራቸው ጥሩ ነበር፤ ኬብሉ አንድ ሜትር ብቻ ነው፣ በእርሱ ላይ መልእክት ሊበላሽ አይችልም አሉ። እኔም ፈቀድኩ። ሁላችንም ያሰብነው ፍተሻው ኬብሉን ብቻ የሚጠብቅ እንደሆነ አድርገን ነበር። ፍተሻው ግን ከላኪው ጀምሮ ስሌቱ እስከሚደረግባት ነጥብ ድረስ ያለውን ሁሉ ይጠብቃል፤ በእኛ ሎጂክ ውስጥ፣ ከክሎክ መሻገሪያው በኋላ ብናሰላው ኖሮ ያች የጠፋች ቢት በመጀመሪያው ሌሊት በተያዘች ነበር። ፍጥነቱን ለማግኘት ያወለቅነው መሣሪያ ቦርዱ ራሱ ጥፋታችንን ሊነግረን ይችልበት የነበረው መሣሪያ ነበር።

በትልልቆቹ ገበያዎች የሚሠሩበት 10 ጊጋ ቢት ኔትወርክ ላይ እነዚሁ አራት ባይቶች የሚወስዱት 3.2 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ እርሷን እንኳ ላለመጠበቅ የሚደረግ ጥረት አለ፤ ትእዛዙን ማረጋገጫው ሳይመጣ መላክ ይጀምሩና የመጣው መልእክት የተበላሸ ሆኖ ሲገኝ የራሳቸውን ትእዛዝ ጫፍ ሆን ብለው ያበላሹታል፣ ተቀባዩም እንዲጥለው ያደርጋሉ። የምህንድስና ብልኃቱን አደንቃለሁ፤ ለተማሪ ግን አላስተምረውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከሰረው ከስምንት ሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ አዲሱ ሶፍትዌር ሳይጫን ቀርቶ አሮጌው ኮድ ትእዛዝ መልቀቅ በመጀመሩ ነበር። ጉዳዩ የሶፍትዌር እንጂ የኤፍፒጂኤ አልነበረም፤ ሆኖም ፈጣን ማሽን ሲሳሳት ስሕተቱም የዚያኑ ያህል ፈጣን መሆኑን ተማሪዎቼ እንዲያውቁ ይህን ጉዳይ ከቦርዱ ጎን ለጎን አስተምሬያቸዋለሁ። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ደንብ ደንበኞችን ወደ ገበያ የሚያስገቡ ደላሎች ትእዛዞችን አስቀድመው በገንዘብ ልክ እንዲፈትሹ ያስገድዳል፤ ይህንኑ ፍተሻ በራሱ በኤፍፒጂኤ ውስጥ የሚሠሩት ድርጅቶች ፍጥነትና ጥንቃቄ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያሳያሉ።

እርማቱ

ሁለት ነገር ተደረገ። በመጀመሪያ አራቱ ሽቦዎች በየግል መሻገራቸው ቀርቶ በሁለቱ ክሎኮች መካከል አነስተኛ ጎተራ ተሠራ። በአንደኛው በር የኢተርኔቱ ክሎክ ግማሽ ባይቱን በሙሉ ያስገባል፤ በሌላኛው በር የእኛ ክሎክ ያወጣል፤ የሚሻገረው መረጃው ራሱ ሳይሆን «እዚህ ደርሻለሁ» የሚለው የመደርደሪያ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩም በተራ ሁለትዮሽ አይጻፍም፤ ከሦስት ወደ አራት ሲሄድ 011 ወደ 100 ይለወጣል፣ ሦስት ቢት በአንድ ጊዜ ይገለበጣልና ያው ችግር ይመለሳል። የቤል ላቦራቶሪው ፍራንክ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ባገኘበት አቆጣጠር ግን ሦስት 010፣ አራት 110 ተብለው ይጻፋሉ፤ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ሲታለፍ የሚለወጠው አንድ ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ምቱ በለውጥ ቅጽበት ላይ ቢመታም የሚነበበው ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ቁጥር ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ቀጥሎ የማረጋገጫው ስሌት ተመለሰ። እዚህ ላይ ወንዱ ተማሪ ያመጣው ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ ስሌቱ ከንባቡ ጎን ለጎን እየተካሄደ፣ ውሳኔው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በር ላይ ይቆማል፤ ማረጋገጫው ልክ ሆኖ ሲገኝ በሚቀጥለው ምት ይለቀቃል። የጨመርነው 320ውን ናኖ ሰከንድና ጎተራው የሚወስዳቸውን ጥቂት ምቶች ብቻ ነው፤ በኦሲሎስኮፑ ላይም መስመሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ከመሄዱ በቀር ሌላ ለውጥ አልታየበትም።

ፍተሻው በእርግጥ እንደሚሠራ ለማየት ተማሪዎቹ በቦርዱ ላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን ከመሻገሪያው በኋላ አንድ ቢት ሆን ብሎ እንዲገለብጥ አደረጉት። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር መልእክቱ ይጣላል፣ ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ውሳኔው ሽቦ ላይ አይወጣም። በምርቃት ሥራቸው መከላከያ ቀን ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ አንቱ የተባሉ አዛውንት መምህር፣ ቁልፉን ራሳቸው ደጋግመው ተጭነው አይተውታል።

በአገራችን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. በእጅ ምልክትና በጩኸት ተጀምሮ ኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት አልፏል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። በእነዚህ ገበያዎች ናኖ ሰከንድ የሚሻማ ነጋዴ ዛሬ የለም፤ መኖሩም ያን ያህል አያስቸኩለኝም። መልእክቱን አንድ ቢት ሳያዛባ የሚቀበል፣ ሲጎድልበትም የሚያውቅ ማሽን መሥራት የሚችል ሰው ግን አሁኑኑ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ይህን ትምህርት በደብረ ብርሃን የምንቀጥለው።

ሥራው ያላለቀበት አንድ ቦታ አለ። ዩዲፒ የጠፋን መልእክት መልሶ አይልክም፤ ሞልድ ዩዲፒ 64 ግን ለእያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር ስለሚሰጥ ተቀባዩ ክፍተት ካየ የጎደለውን ሊጠይቅ ይችላል። የእኛ ቦርድ ክፍተቱን ያያል፣ ውሳኔ መስጠቱንም ያቆማል፤ የጎደለውን መልሶ መጠየቅ ግን ገና አልተሠራለትም። ቦርዱ አሁን በተከታዮቹ ተማሪዎች እጅ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ይኸው ጥያቄ ነው።